አንገትና ትከሻ

አባታችን ታውኖ ሲሞት
ጠመንጃው ለወንድሜ ለኤስኮ ደረሰ፤
ለእኔ ዕቃ ቤቱ፣ ጣራው ያፈሰሰ፣
ከነመጭመቂያው፣
እጀታው በመዳፉ ወዝ ከጠቆረው፤
አንድ ቅርጽ መመለሻ፣ አንድ የባሩድ ሚዛን፣
በብስኩት ቆርቆሮ ስልሳ ባዶ ቀለህ።

የራሴ ጠመንጃ አለኝ። ስሙ ከሱ አንድ ነው፣
በርሜሉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ ነው፤
ጥይት ጥይት ነው ብዬ
ስንት ማታ እዚያ ቁጭ ብዬ
እንደ እሱ ወለወልኩ፣ በእሱ ብረት አጠበብኩ፣
ባሩዱን መዝኜ፣ አረሩን ሰክቼ፣ ሃያ አሰለፍኩ።

ጥቅምት ገባ። ረግረጉ ዳር ዳሩን በረዶ ያዘው።
ሬይኖ በሬዲዮ «ወደ አንቺ ነው» አለ፤
ቀንደ ሰፊው አጋዘን ከጥዶቹ ወጥቶ ጆሮውን አሾለ።
አጎረስኩ።
ጠመንጃዬ አልውጥም አለ።

መቀርቀሪያው ግማሽ ሄዶ ቀረ፣
አጥንት እንደ ቆመበት ጉሮሮ።
በመዳፌ ልመታው ሳነሣ እጄን
የአባቴ ነገር መጣብኝ፦
«በግድ የገባ፣ በግድ ነው የሚወጣው።»
አጋዘኑ አየኝ። ያፉን እያላመጠ
እንደ ጎረቤት፣ ሳይጣደፍ፣ መንገዱን መረጠ።

ማታ ሬይኖ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
አንዱን ቀለህ በመለኪያ ቆነጠጠ።
«አንቺ ሞኝ» አለኝ፣ «ናስ እኮ
የተተኮሰበትን ቤት ይመስላል።
ባሩዱ ሲነድ ይነፋል፣ ግድግዳውን ለክቶ ይቀራል።
ይህ ሆድ የታውኖ ጠመንጃ ሆድ ነው፣ ትከሻውም የዚያው ትከሻ፤
ያንቺ ጠባብ ነው፣ ለባዕድ ትከሻ የለውም መሸሻ።
የአባትሽ ብረት አንገት ብቻ ነው የሚያንቀው።
ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጠመንጃ፣ ደግ ነው፤ ናሱም አይደክም።
ቤት ለቀየረ ግን አንገት ማነቅ አይበቃም።»

በማግስቱ ኩህሞ ወረድኩ። ባለሱቁ ልጅ እግር ነው፣
ሦስት ሣጥን ደረደረ።
አንዱ ያው የአባቴ ዓይነት፣ አዲስ ካርቶን የለበሰ፤
አንዱ ቀለበቱ የሚቀያየር፣ አንገትን በመቶኛ የሚቆጥር፣
ዋጋው ራሱ የጋብቻ ቀለበት፤
አንዱ ከአንገት እስከ ወገብ ሙሉውን የሚጨምቅ፣
ተራ ብረት።
«የቱ ይሻላል?» አልኩት።
«የማን ጠመንጃ ነው?» አለኝ። ሌላ አልጠየቀም።

ቀለሁን ቅባት ቀባሁት፣ በጣት፣ ስስ አድርጌ።
(ሲበዛ ትከሻው ይሰረጉዳል፣ ሲያንስ ብረቱ ውስጥ ይነክሳል፤
ሁለቱንም አየሁ፣ ሌሊቱ ረዥም ነው።)
መመለሻውን ሩብ ዙር፣ ደግሞ የሩብ ሩብ ዝቅ አደረግኩ፤
ባዶውን ሞከርኩ፣ አወጣሁ፣ ለካሁ፣ መልሼ ሞከርኩ፤
ትከሻው የሚሊሜትር አምስት መቶኛ ሲሸሽ
መቀርቀሪያው እንደ መሳቢያ ተዘጋ።

ከዚያ ነው እጄ እምቢ ያለኝ።
ሰው ሲሞት ልኩ የት ይቀመጣል?
ኮቱን ለሬይኖ ሰጠሁት፣ እጅጌው አጠረው፤
ጫማውን ውሻ በላው።
ስልሳ ናስ ቀረ፣ እሱን በልክ የሚያውቅ፣
እኔም እጀታ ይዤ ልክ ላጠፋ ቆሜያለሁ፣ ልክ ነኝ ብዬ።

አርባውን ጨመቅኩ፤ ሥጋ ይፈለጋል፣ ክረምቱ አይጠብቅም።
የሞላኋቸውን ሃያ፣
ጥይት በፖስታ አይላክምና፣
አረራቸውን ነቀልኩ፣ ባሩዱን ደፋሁ፣
ካሮጌው ብረት ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ
ኦውሉ ለኤስኮ ላክሁ፦
«ካንተ ጠመንጃ በቀር የትም አይገቡ።»

ኤስኮ አያድንም። ጠመንጃው ከሶፋው በላይ ተሰቅሏል።
እሑድ ማታ ደወለ።
«አንዱን አስገባሁት» አለ፣ «ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ።»
ከዚያ ዝም አለ። እኔም።
ቆይቶ፣ «የዕቃ ቤቱ ጣራስ፣ አሁንም ያፈሳል?»
«ያፈሳል» አልኩት።